ከኮንከሽን በኋላ የሚገዙ ዕቃዎችና አገልግሎቶች፦ የትኛው ያድናል፣ የትኛው ጭንቀት ይጨምራል?

ጭንቅላቱን ተመትቶ፣ ሲቲ ስካን ተነሥቶ፣ «ምንም የለብህም» ተብሎ ወደ ቤቱ የተመለሰ ሰው ከራስ ምታቱ እኩል የሚያስጨንቀው አንድ ጥያቄ አለ፦ ምንም ከሌለብኝ ለምን ያዞረኛል? ለምን ብርሃን ይረብሸኛል? ለምን የጀመርኩትን ዓረፍተ ነገር እረሳለሁ? መልሱ ቀላል ነው፤ ግን ጊዜ ወስዶ የሚያስረዳ ሐኪም ሁልጊዜ አይገኝም። ሲቲ ስካን በዋናነት የሚፈልገው የደም መፍሰስንና የአጥንት ስብራትን ነው። ኮንከሽን ደግሞ የአንጎል ሴሎች አሠራር ለጊዜው ሲዛባ የሚመጣ ጉዳት ስለሆነ በምስሉ ላይ አይታይም። ምስሉ ንጹሕ መሆኑ ትልቅ የምሥራች ነው፤ ሕመሙ ግን የውሸት ነው ማለት አይደለም።

ይህን የሚያስረዳው ያጣ ሰው ማታ ስልኩን ከፍቶ መፈለግ ይጀምራል፤ ሲፈልግ ደግሞ የሚሸጥለት አያጣም። ባለቀለም መነጽር፣ የጆሮ መሰኪያ፣ ምልክት መመዝገቢያ አፕ፣ የልብ ምት መለኪያ፣ «ለአንጎል» የተባለ እንክብል፣ ልዩ ልዩ ክሊኒክ። እዚህ የምንመዝናቸው እነዚህን ነው። መመዘኛችን አንድ ነው፦ ይህን ነገር ዛሬ ብጠቀምበት በሚቀጥለው ሳምንት ከዚህ ሳምንት ያነሰ ያስፈልገኛል ወይ? ጥሩ ዕቃ ሰውን ወደ ሥራው፣ ወደ ብርሃኑ፣ ወደ ሰው መሀል መልሶ ራሱ ከጥቅም ውጪ ይሆናል። መጥፎው ለዛሬ ያሳርፍና ነገ ያለ እሱ መውጣት ያስፈራል።

ከግዢው በፊት ግን፦ ራስ ምታቱ እየባሰ ከሄደ፣ ደጋግሞ ካስመለሰ፣ ሰውነት ከተንቀጠቀጠ ወይም ራስን ካሳተ፣ እጅ ወይም እግር ከዛለ፣ ንግግር ከተኮላተፈ፣ አንዱ የዓይን ብሌን ከሌላው ከሰፋ፣ ከጆሮ ወይም ከአፍንጫ ንጹሕ ውኃ መሰል ፈሳሽ ከወጣ፣ ሰውየው ሊነቃ ካልቻለ ወይም ግራ የመጋባቱ ነገር ከጨመረ ድንገተኛ ክፍል መሄድ ነው እንጂ የሚገዛ ዕቃ የለም። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስድ ሰው ምልክት ባይኖረውም መታየት አለበት።

ሌላው መታወቅ ያለበት የዕረፍት ጉዳይ ነው፤ ብዙዎቹ ዕቃዎች የሚሸጡት ጊዜው ባለፈበት ምክር ላይ ተመሥርተው ነውና። ቀድሞ «ምልክቱ እስኪጠፋ ጨለማ ክፍል ተኛ» ይባል ነበር። እ.ኤ.አ. በ2015 በወጣቶች ላይ የተደረገ ጥናት ለአምስት ቀን ጥብቅ ዕረፍት የታዘዘላቸውን አንድ ወይም ሁለት ቀን ብቻ እንዲያርፉ ከተነገራቸው ጋር ሲያነጻጽር፣ ብዙ ያረፉት ብዙ ምልክት ሲያስመዘግቡና ቆይቶ ሲሻላቸው ተገኘ። እ.ኤ.አ. በ2022 አምስተርዳም ላይ የተሰበሰቡት የዘርፉ ባለሙያዎች ስምምነትም ይህንኑ አጸና፦ ከ24 እስከ 48 ሰዓት አንጻራዊ ዕረፍት፣ በዚያው ጊዜ ቀለል ያለ የእግር ጉዞና የቤት ውስጥ እንቅስቃሴ፣ ከዚያ ደረጃ በደረጃ መጨመር። ምልክት ከ0 እስከ 10 ባለው መለኪያ ከሁለት ነጥብ ባልበለጠ ቢጨምርና ከአንድ ሰዓት ባነሰ ጊዜ ቢመለስ ችግር የለውም። ለሚጨነቅ ሰው ከዚህ መመሪያ ውስጥ ትልቁ ስጦታ ይህ የመጨረሻው ነው፤ ትንሽ ራስ ምታት መቀስቀስ ማለት አንጎል እንደገና ተጎዳ ማለት አለመሆኑን በቁጥር ይነግረዋል።

የደረት የልብ ምት ቀበቶ

ከዝርዝሩ ውስጥ ያለማመንታት የምንመክረው ይህን ነው። ከኮንከሽን በኋላ ሰውነት የልብ ምትንና የደም ዝውውርን የሚያስተካክልበት ሥርዓት ስለሚዛባ፣ ደረጃ ሲወጣ ወይም ፈጠን ብሎ ሲራመድ ራሱን የሚያመው ሰው ብዙ ነው። ምልክቱ የሚቀሰቀስበትን የልብ ምት ማወቅና ከዚያ በታች በየቀኑ መንቀሳቀስ ሕክምና ነው። በቡፋሎ ዩኒቨርሲቲ የነጆን ሌዲ ቡድን ያዳበረው የትሬድሚል (የመራመጃና የመሮጫ ማሽን) ምርመራ የሚሠራው በዚህ ነው፦ ታካሚው በሰዓት ከ5 ኪሎ ሜትር ትንሽ በሚበልጥ ፍጥነት ይራመዳል፤ የማሽኑ ዳገት በየደቂቃው በ1 በመቶ ይጨምራል፤ በየደቂቃው ምልክቱን ከ0 እስከ 10 ይናገራል። ከመነሻው በሦስት ነጥብ ሲጨምር ማሽኑ ይቆማል፤ በዚያች ቅጽበት ያለው የልብ ምት «ጣሪያው» ነው። ከዚያ ቤት ውስጥ በቀን 20 ደቂቃ ከጣሪያው ከ80 እስከ 90 በመቶ ባለው ምት መንቀሳቀስ ይታዘዛል። ጣሪያው 140 ከሆነ ከ112 እስከ 126 መሆኑ ነው። በመሀል ምልክቱ በሁለት ነጥብ ከጨመረ የዚያን ቀን ያበቃል፤ ነገ ከዝቅተኛው ቁጥር ይጀመራል። ይኸው ቡድን እ.ኤ.አ. በ2019 ባሳተመው ጥናት እንዲህ የተንቀሳቀሱ ታዳጊዎች መካከለኛ የማገገሚያ ጊዜ 13 ቀን ሲሆን፣ ጡንቻን ማሳሳብ ብቻ የሠሩት 17 ቀን ፈጅቶባቸዋል።

ምርመራውን የሚሠራ ቦታ ያላገኘ ሰው ከአምስተርዳሙ መመሪያ መነሻ ሊወስድ ይችላል። ከ220 ላይ ዕድሜን ቀንሶ፣ የተገኘውን ቁጥር መጀመሪያ እስከ 55 በመቶ፣ ሲለምድ እስከ 70 በመቶ መጠቀም። የ30 ዓመት ሰው 190 ያገኛል፤ መጀመሪያ እስከ 104፣ በኋላ እስከ 133። የልብ ሕመም፣ የደረት ሕመም ወይም የአንገት ጉዳት ያለበት ሰው ሐኪም ሳያማክር አይጀምር።

ታዲያ የእጅ ሰዓቱ አይበቃም ወይ? ለዚህ ሥራ አይበቃም፤ ምክንያቱም የእጅ ሰዓት ምቱን የሚለካው በቆዳ ሥር የሚያልፈውን ደም በአረንጓዴ ብርሃን በማየት ነው። እጅ ሲወዛወዝ፣ ማሰሪያው ሲላላ ወይም ቆዳ ሲቀዘቅዝ የእርምጃን ምት የልብ ምት አድርጎ ሊቆጥር ይችላል። ፈጠን ብሎ የሚራመድ ሰው በደቂቃ ከ110 እስከ 120 ገደማ እርምጃ ይረግጣል፤ ይህ ከላይ ባለው ምሳሌ ልክ የታዘዘው ምት ውስጥ የሚያርፍ ቁጥር ነው። ሰዓቱ «118» እያለ ሰውየው ደስ ብሎት ይራመዳል፤ እውነተኛው ልብ ግን 140 ላይ ሊሆን ይችላል። ከዚያ ራሱን ሲያመው «ከታዘዘልኝ በታች ሆኜም አመመኝ፣ አልድንም» ብሎ ይደመድማል። ስሕተቱ የመሣሪያው ነው፤ ፍርሃቱ ግን ለሳምንታት ይቆያል።

የደረት ቀበቶ የልብን ኤሌክትሪክ በቀጥታ ስለሚያነብ ይህ ችግር የለበትም። የራሱ ጣጣ ግን አለው። ከመታጠቃችሁ በፊት ቆዳ የሚነኩትን ሁለት የጎማ ወይም የጨርቅ ክፍሎች በውኃ አርጥቧቸው፤ ደረቅ ሆኖ ከታሠረ ላብ እስኪመጣ ድረስ 180 እና 200 የመሳሰሉ የማይመስሉ ቁጥሮች ይዘላሉ፤ የሚጨነቅን ሰው እነዚያ ቁጥሮች ብቻ ያስደነግጡታል። ቀበቶው ከጡት በታች፣ ለመተንፈስ የማያስቸግር ግን የማይንሸራተት ሆኖ ይታሠር። ሰው ሠራሽ ጨርቅ ደረቅ አየር ላይ ሲፋተግም ቁጥሩ ይዘላል። ከተጠቀማችሁ በኋላ መለኪያውን ከማሰሪያው ነቅላችሁ ማሰሪያውን በውኃ አለቅልቁ፤ ሳይነቀል ከተተወ እርጥበቱ መለኪያውን እንደበራ ያቆየዋል፣ ባትሪውንም ቶሎ ይጨርሰዋል። ብዙዎቹ ሲአር 2032 የሚባለውን ክብ ባትሪ ይጠቀማሉ፤ ከመግዛታችሁ በፊት ክዳኑ በሳንቲም የሚከፈት መሆኑን እዩ።

ሁለት ማሳሰቢያ። ለራስ ምታት ወይም ለልብ ትርታ ፕሮፕራኖሎልን የመሰለ መድኃኒት የጀመረ ሰው የልብ ምቱ ዝቅ ስለሚል የድሮው ጣሪያ አይሠራለትም፤ እንደገና ይለካ። ሁለተኛው ከጭንቀቱ ጋር የተያያዘ ነው፦ ቀበቶው ለ20 ደቂቃው ብቻ ይታጠቅ። አብረውት የሚመጡትን የ«ጭንቀት ነጥብ»፣ የ«እንቅልፍ ነጥብ» እና የ«ማገገም መቶኛ» ማሳያዎች አጥፏቸው። ጠዋት ደህና ሆኖ የተነሣ ሰው «ማገገም 34 በመቶ» የሚል ጽሑፍ ካነበበ በኋላ ደህና መሆኑ ያጠራጥረዋል።

የምልክት መመዝገቢያ አፕ

እዚህ ላይ ፍርዳችን ከባድ ነው። አብዛኞቹ አፖች የተሠሩት እንደ ሪቨርሚድ መጠይቅ ባሉ የሐኪም ቅጾች ላይ ነው፤ ሪቨርሚድ 16 ምልክቶችን ይዘረዝርና ከጉዳቱ በፊት ከነበረው ጋር አነጻጽራችሁ ከ0 እስከ 4 ስጡ ይላል። ሐኪም በየሁለት ሳምንቱ ሲጠቀምበት መልካም መሣሪያ ነው። አፑ ግን ያንኑ ቅጽ በቀን ሦስት ጊዜ በማስታወሻ ደወል ይልካል። ደወሉ ሲመጣ ሰውየው ሥራውን ትቶ ራሱን ይፈትሻል፦ ያመኛል? ያዞረኛል? ትኩረቴ እንዴት ነው? ተፈትሾ የማይገኝ ምልክት ደግሞ የለም። ራስ ምታት፣ ድካም፣ መርሳት፣ መነጫነጭ ጭንቅላቱን ተመትቶ የማያውቅ ሰውም በሳምንት ውስጥ የሚያገኙት ናቸው። በዚያ ላይ የተጎዳ ሰው የድሮ ጤናውን ከነበረው አሳምሮ ያስታውሳል፤ «ከዚህ በፊት ስም ረስቼ አላውቅም» የሚለው ሰው ይረሳ ነበር፣ ልብ አይለውም ነበር እንጂ።

ሌላው ጉድለት ግራፉ ነው። የኮንከሽን ማገገም በቀጥታ መስመር አይወርድም፤ ጥሩ ቀን፣ መጥፎ ቀን፣ ሁለት ጥሩ ቀን፣ ደግሞ መጥፎ ቀን ይፈራረቃሉ። የቀን በቀን ግራፍ ይህን እንደ ውድቀት ያሳያል። መታየት ያለበት የሳምንት አማካይ ነው፤ አብዛኞቹ አፖች ግን አማካዩን በሁለተኛ ገጽ ይደብቁታል።

አፕ የግድ ከፈለጋችሁ ደወሉ ሙሉ በሙሉ የሚጠፋ፣ ከምልክት ይልቅ እንቅስቃሴን የሚመዘግብና የሳምንት አማካይ የሚያወጣ ይሁን። ከዚህ የሚሻለው ግን ተራ ደብተር ነው። በቀን አንድ ጊዜ፣ በአንድ ሰዓት፣ ከሰዓት በኋላ ቢሆን ይመረጣል፤ ጠዋት ሲነቁ ወይም ሌሊት መፈተሽ እንቅልፍን ይበላል። ሁለት መስመር ብቻ ይጻፍ፦ ምን ሠራሁ፣ ስንት ደቂቃ፣ ምልክቱ ከስንት ወደ ስንት ሄደና በስንት ደቂቃ ተመለሰ። «ገበያ፣ 25 ደቂቃ፣ ከ2 ወደ 4፣ በ40 ደቂቃ ተመለሰ» የሚል መስመር ሰውን ያረጋጋል፤ በሚቀጥለው ሳምንት ያው ገበያ ከ2 ወደ 3 ብቻ ሲያደርስ በገዛ እጁ የጻፈው ማስረጃ ይሆነዋል። ሐኪሙም ከ16 ምልክት ግራፍ ይልቅ ከዚህ ብዙ ይረዳል።

መነጽሮች

ሦስት ዓይነት ይሸጣል። ጥቁሩ የፀሐይ መነጽር ደጅ ላይ ምንም ችግር የለውም፤ ቤት ውስጥ ሲለበስ ግን ዓይን ጨለማ ይለምዳል፣ ከዚያ ተራው አምፖል ራሱ ይወጋል። በሁለተኛው ሳምንት ቤት ውስጥ በጥቁር መነጽር የሚቀመጥ ሰው መነጽሩ ራሱ ያመጣበትን ሕመም የኮንከሽኑ ነው ብሎ ይፈራል።

ሮዝ መሰሉ ኤፍኤል-41 የሚባለው ከሰማያዊ እስከ አረንጓዴ ያለውን ብርሃን በከፊል ይቀንሳል፤ ያለው ማስረጃ በአብዛኛው ከማይግሬን የመጣ ነው። ፍሎረሰንት መብራት ያለበት ቢሮ ለሚመለስ ሰው እንደ መሸጋገሪያ እንቀበለዋለን፤ መውለቂያው ከመጀመሪያው ቀን ከታሰበበት ብቻ። በመጀመሪያው ሳምንት ለሥራ ሰዓት፣ በሁለተኛው ለግማሽ ቀን፣ በሦስተኛው ለስብሰባና ለመደብር ብቻ። ሦስተኛው፣ «ሰማያዊ ብርሃን የሚያግድ» የተባለው ግልጽ መስታወት፣ መግዛት አያስፈልግም፤ እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣው የኮክሬን (የሕክምና ጥናቶችን ሰብስቦ የሚመዝን ድርጅት) ግምገማ ኮምፒዩተር ለሚያደክመው ዓይን ያን ያህል ልዩነት እንደማያመጣ ደምድሟል። ጽሑፉን ማተለቅና የስክሪኑን ብርሃን ከክፍሉ ብርሃን ጋር ማስተካከል የበለጠ ይረዳል፤ ዋጋም የለውም። በመጀመሪያዎቹ 48 ሰዓታት ስክሪን መቀነስ ግን እውነተኛ ጥቅም አለው። እ.ኤ.አ. በ2021 ከ12 እስከ 25 ዓመት ባሉ ላይ የተደረገ ጥናት ያን ጊዜ ከስክሪን የራቁት በ3.5 ቀን መካከለኛ ጊዜ፣ ያልራቁት ደግሞ በ8 ቀን እንዳገገሙ አሳይቷል። ከ48 ሰዓት ወደ 48 ቀን ማራዘም ግን ከዚያ ጥናት የሚወጣ ምክር አይደለም።

ስታነቡ ፊደል የሚንቀሳቀስ ወይም ሁለት የሚሆን ከሆነ ጉዳዩ የቀለም ሳይሆን ሁለቱ ዓይኖች አብረው ወደ ቅርብ የማየታቸው ችግር ሊሆን ይችላል፤ የዓይን ባለሙያ ጋ ሂዱ።

የጆሮ መሰኪያ

ነገሩ እንደ ጥቁሩ መነጽር ነው። የስፖንጅ መሰኪያ ቀኑን ሙሉ ሲደረግ ጆሮ ይበልጥ ስሜታዊ ይሆናል። ድምፁን ሳያበላሽ ከ10 እስከ 20 ዴሲቤል የሚቀንሰውን ማጣሪያ ያለውን ግዙ፤ ሠርግ፣ ስታዲየም፣ ጫጫታ ያለበት መኪና ውስጥ አድርጉትና ቤት ስትገቡ አውጡት። ጸጥ ባለ ክፍል ውስጥ አይደረግም።

«ለአንጎል» የተባሉ እንክብሎች

አትግዙ። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በ2013 ኮንከሽንን ያድናሉ፣ ያፋጥናሉ ተብለው የሚሸጡ ተጨማሪ ምግቦች ማስረጃ እንደሌላቸው አስጠንቅቋል። ባለሥልጣኑን ያሳሰበው ሰው እንክብሉን አምኖ ሳይድን ወደ ሜዳ እንዲመለስና እንደገና እንዲመታ ማድረጉ ነበር።

የማስታገሻ ነገር ደግሞ ቸል የሚባል ግን ብዙ ሰው የሚያቆይ ነው። ፓራሲታሞልንና ኢቡፕሮፌንን የመሰለ ተራ ማስታገሻ በወር 15 ቀን ወይም ከዚያ በላይ፣ ኮዴይን ወይም ካፌይን የተቀላቀለበት ደግሞ 10 ቀን ወይም ከዚያ በላይ ሲወሰድ መድኃኒቱ ራሱ ራስ ምታት ያመጣል። ስድስተኛ ሳምንት ላይ «ኮንከሽኔ አልለቀቀኝም» የሚል ሰው መጀመሪያ የሚቆጥረው በወሩ ስንት ቀን እንደወሰደ ነው።

የማዞር ፊዚዮቴራፒ

ከቀበቶው ቀጥሎ ገንዘብ የሚገባው ይህ ነው፤ በተለይ አልጋ ላይ ሲገላበጡ ከአንድ ደቂቃ ላነሰ ጊዜ ክፍሉ የሚሽከረከርባቸው ሰዎች አይዘግዩ። ይህ ብዙ ጊዜ በውስጠኛው ጆሮ ያሉ ጥቃቅን ክሪስታሎች ከቦታቸው ወጥተው የሚያመጡት ነው። ባለሙያው ራሳችሁን ወደ ጎን አዙሮ በፍጥነት ያስተኛችሁና ዓይናችሁን ያያል፤ ከዚያ ኤፕሊ በሚባለው የራስ አቀማመጥ ቅደም ተከተል ክሪስታሎቹን ይመልሳቸዋል። ብዙውን ጊዜ ከአንድ እስከ ሦስት ቀጠሮ ይበቃል። ለሳምንታት «አንጎሌ ተጎድቷል» ብሎ ሲጨነቅ የነበረ ሰው በአንድ ቀጠሮ ማዞሩ ሲቆም ማየት ከዚህ ሁሉ ዝርዝር የሚያስደስተን ነው።

ሌላው ዓይነት ማዞር፣ ሰው ሲበዛ ወይም ራስን ሲያዞሩ የሚመጣው፣ ልምምድ ይፈልጋል። ተቀምጦ ግድግዳ ላይ ያለ ፊደል ላይ ዓይንን ተክሎ ራስን ወደ ግራና ቀኝ ማንቀሳቀስ፣ 30 ሰከንድ፣ በቀን ጥቂት ጊዜ፤ ፊደሉ እንዳይደበዝዝ ፍጥነቱን መመጠን፤ ከዚያ ቆሞ፣ ከዚያ እየተራመዱ። ልምምዱ ትንሽ ማዞሩ አይቀርም፤ አንጎል የሚላመደው በዚያ ነው። መጥፎ ክሊኒክ የሚታወቀው በየቀጠሮው ማሳጅ ብቻ ሠርቶ፣ የቤት ሥራ ሳይሰጥ ሲሸኝ ነው። አንገትን የማይመረምርም እንዲሁ፤ ጭንቅላትን የመታ ነገር አንገትንም ስለሚያናጋ ራስ ምታቱ ከዚያ የሚነሣበት ጊዜ ብዙ ነው።

ለጭንቀቱ የንግግር ሕክምና

ጭንቀትና ኮንከሽን የሚጋሯቸው ምልክቶች ብዙ ናቸው፦ ማዞር፣ የልብ ትርታ፣ ትኩረት ማጣት፣ እንቅልፍ ማጣት። የፈራ ሰው ቶሎ ቶሎ ሲተነፍስ በደሙ ውስጥ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይቀንስና ያዞረዋል፣ ጣቶቹን ይነዝረዋል፤ ያን እንደ አዲስ ጉዳት ቆጥሮ ይበልጥ ይፈራል። «ጭንቀት ነው» ማለት «የለብህም» ማለት አይደለም፤ የሚታከም ሁለተኛ ምክንያት አለህ ማለት ነው። አብዛኛው አዋቂ በሁለት ሳምንት ገደማ፣ ልጆች በአራት ሳምንት ገደማ ይሻላቸዋል፤ ከዚያ ካለፈ፣ ወይም ከመጀመሪያውም ፍርሃቱ ከቤት ካላስወጣ፣ ይህን አገልግሎት መፈለግ ተገቢ ነው።

ምን ይደረጋል? ሰውየው የሚሸሻቸውን ነገሮች ከቀላሉ ወደ ከባዱ ይደረድራል፤ ለምሳሌ 10 ደቂቃ ሱቅ፣ 30 ደቂቃ ሱቅ፣ አውቶቡስ፣ ቢሮ ግማሽ ቀን። ከየአንዱ በፊት «ምን ይደርስብኛል» ብሎ የጠበቀውን ይጽፋል፣ በኋላ የሆነውን ያነጻጽራል። ጎን ለጎን ከእንቅልፍ የመነሻ ሰዓትን በየቀኑ አንድ ማድረግና አልጋ ላይ ነቅቶ አለመቆየት ይሠራበታል። አብዛኛውን ጊዜ ከ6 እስከ 12 ቀጠሮ ነው።

ቀጠሮ ከመያዛችሁ በፊት በስልክ ሦስት ነገር ጠይቁ። ኮንከሽን ያለበት ሰው አክመው ያውቃሉ ወይ? ከፊዚዮቴራፒስቱ ወይም ከሐኪሙ ጋር ይነጋገራሉ ወይ? ምልክት እያለ እንቅስቃሴ ይጀምራሉ ወይስ እስኪጠፋ ይጠብቃሉ? ለሦስተኛው የሚሰጡት መልስ «እስኪጠፋ ይረፉ» ከሆነ አመስግናችሁ ሌላ ቦታ ደውሉ።